የፍሬ ስብሐት ተከታዮች

ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰነበትህ? ጉልበትህን ተሻለህ ወይ? ደቅ ደሴት ላይ ዘንድሮ ዓሣው እንዴት ነው? እኔ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ በኪዳነ ምሕረት ጥላ ሥር ደህና ነኝ። ለቀብሩ ባለመምጣትህ ዛሬ አልወቅስህም፤ የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው።

ልጃችን ፍሬ ስብሐት እንግዳ በጀልባ ሲያመላልስ፣ ጉማሬውንና ወፉን በስልኩ እየቀረጸ ፌስቡክ ላይ ያወጣ እንደነበር ታውቃለህ። ካረፈ በኋላ የጎረቤቴ የአገርነሽ ልጅ ምሥጋና መጥታ፣ «እትዬ፣ አዲስ ነገር ካልወጣበት ገጹም ይሞታል» አለችኝ።

ሁለተኛ ሊሞትብኝ? እንቢ አልሁ። ስልኩን አንሥቼ ማረፉን ጻፍሁበት። ብዙ ሰው «ነፍስ ይማር» አለ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ዝም ተብሎ አይሸኝም ብዬ ለእያንዳንዱ በስሙ፣ «ክፉ አይንካህ፤ አገርህ የት ነው? እናትህ ደህና ናት?» እያልሁ ቀስ ብዬ መለስሁ።

ምሥጋና አይታ በሣቅ ፈነዳች። «ኧረ እትዬ! ላይክ አድርገው ይለፉ፤ ይኼ እኮ ለቅሶ ቤት አይደለም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አልኋት።

ሰዎቹም መልሰው ጻፉ። አንዷ እናቷ እንደታመመችባት፣ አንዱ ወንድሙን ውኃ እንደወሰደበት ነገረኝ። ከዚያ ምሥጋና እየሮጠች መጣች፤ «እትዬ፣ ኢንጌጅመንቱ ጣራ ነካ!» የሰዉን ጭውውት ማለቷ ነው፤ ሰው ሲጨዋወትበት ጊዜ ፌስቡክ ራሱ የልጃችንን ቪዲዮ ለማያውቁት ያሳያል አለችኝ።

አሁን ገብቶኛል። ያየ ሁሉ ተከታይ አይደለም፤ አብዛኛው መንገደኛ ነው። ላይክ ያደረገው ከደጅ ሰላም ብሎ ያለፈ ነው። ኮመንት የጻፈ ግን ገብቶ ተቀምጧል። ሼር ያደረገ ደግሞ ሌላ ሰው አስከትሎ መጥቷል፤ እሱን የሚያህል የለም።

ልጄን በሕይወት ሳለ ከሰሙት ይልቅ ካረፈ ወዲህ ድምፁን የሰሙት በዝተዋል! ወደብ ላይ ጀልባ ነጂዎቹ «የዝነኛው እናት!» እያሉ ይጠሩኛል። ባለፈው እሑድ ጉማሬዎቹን ራሴ ቀርጬ አወጣሁ። ስልኩን ዝቅ አድርጌ ይዤው ውኃው ብቻ ነው የሚታየው፤ ሰው ግን ወደደው።

አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው አለ። ሁሉንም ሼር ያደርጋል፤ አንዲት ቃል ግን አይጽፍም። ምሥጋና «ማን ይሆን?» ብላ የገጹን ምስል አጉልታ አሳየችኝ፤ ዳር ላይ የታሰረች ታንኳ ናት። ገመድ እንደዚያ ወደ ግራ የሚቋጥር ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው።

«እኔ ምን አውቄ» አልኋት።

ተዝካሩ ከፋሲካ በኋላ ነው። ማዕበሉን ያብርድልህ፤ በሰላም የምትሻገርበትን ቀን ያምጣልህ።

የልጅህ እናት