የሁለት ፊደላት እግር ስለ መቆረጡ

ለተከበሩ የከተማችን መካነ መቃብር አስተዳደር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን ጽኑ ምኞት እገልጻለሁ። ጉልበትዎ እንዲጸና፣ በተለይም እግርዎ እንዳይጎድል ከልብ እመኛለሁ፤ እግር ሲቆረጥ ምን እንደሚመስል መሥሪያ ቤትዎ በቅርቡ አስተምሮኛልና።

እኔ ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የብረት ፊደል እየለቀምሁ ገጽ ስደረድር የጨረስሁ ሽማግሌ ነኝ። ባለቤቴ እዚያው የእርማት አንባቢ ነበረች። እኔ የለቀምሁትን እርሷ ታርማለች፤ እርሷ ያረመችውን እኔ እያጉረመረምሁ አስተካክላለሁ፤ ትዳራችንም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ባረፈች ጊዜ በድንጋይዋ ላይ «ጠቢብ ሴት ነበረች፤ ባሏ አይረሳትም» የሚል ቃል አስቀረጽሁላት። የፊደሉን ቅርጽ ቀድሞ እርሷ በሕይወት ሳለች ለማተሚያ ቤታችን የነደፍሁት እኔው ነኝ፤ በሙያችን «ባለ ጫማ» እንለው ነበር።

ባለ ጫማ ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ ቋሚው ሁሉ ከታቹ አራት ማዕዘን የሆነ ወፍራም ጫማ የተጫማ፣ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማይለዋወጥ፣ ወገቡን ማቅጠን የማያውቅ ፊደል ነው። በረጅም መጽሐፍ ውስጥ ዓይን ያደክማል፤ ይህን አልክድም። በግድግዳ ማስታወቂያ፣ በመድኃኒት ጠርሙስ፣ በባቡር ጣቢያ ሰሌዳ ላይ ግን ከሩቅ ይጣራል፤ መናኛ ወረቀትና የፈሰሰ ቀለም አያሸንፉትም። አይሽኮረመምም፤ ይቆማል። በመቃብር ላይ ያለ ፊደል ደግሞ ከመቆም ሌላ ሥራ የለውም።

አንደኛ፤ መካነ መቃብሩን ለማዘመን የድንጋዮቹ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር በቀጠነ ፊደል በአዲስ ሰሌዳ ላይ እንዲገለበጥ ማዘዝዎን፣ በማዘዣውም «የፊደላቱ እግር ሁሉ ይወገድ» የሚል ቃል ማስፈርዎን በታላቅ አድናቆት አንብቤአለሁ። ጫማ ይውለቅ ሲባል እግር የሚቆርጥ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም ነበርና ይህን ሳላይ ባለመሞቴ አመሰግንዎታለሁ።

ሁለተኛ፤ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህር «በ»ን ከ«ቢ» ያልለየ ተማሪ ተንበርክኮ እንዲውል ያደርጉ ነበር። ክቡርነትዎ በዚያ ዘመን ባለመማርዎ ጉልበትዎ ተርፏል። የ«ቢ» እግር ጌጥ አይደለም፤ ድምፅ ነው። ጫማ በግራም በቀኝም እኩል ይወጣል፤ የ«ቢ» እግር ግን ወደ ቀኝ ብቻ ይዘረጋል፤ ከ«ሏ» ሥር ያለችውም ሰረዝ ከጫማው በእጥፍ ትሰፋለች። ይህን ልዩነት አጥርቼ እስክነድፍ ድረስ ባለቤቴ ንድፉን ደጋግማ መልሳብኛለች። ሠራተኞችዎ ግን ትእዛዝ አክባሪዎች ናቸውና ጫማውንም እግሩንም አብረው ቆረጡ። ስለዚህ ዛሬ በሚስቴ መቃብር ላይ «ጠበብ ሴት ነበረች፤ ባላ አይረሳትም» ተብሎ ይነበባል።

ልጄ ከምትኖርበት ሩቅ ከተማ እናቷን ልትጎበኝ መጥታ አነበበችው። «አባዬ፣ እማዬ መቼ ነው የጠበበችው?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ መመለሻ አጥቶ ለቅሶ ሆነባት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ስሕተት ስትለቅም የኖረች ሴት በስሕተት ሥር ተኝታለች። እርሜን ያወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እርማት ይቀረኛል።

ሦስተኛ፤ ይህንኑ ላመለክት በመጣሁ ጊዜ በመስኮቱ የተቀመጠው ጸሐፊዎ «አባባ፣ እግሩ ብቻ እኮ ነው የተነሣው፤ ፊደሉ እንዳለ ነው። ደግሞስ ማን ሊያነበው?» ሲል አጽናንቶኛል። እንዲህ ያለ ርኅሩኅ ሰው ሹመት ይገባዋል። የቀድሞውን ድንጋይ እንዲመልስልኝ ብለምነውም ተፈጭቶ ለመንገዱ ጠጠር መዋሉን ሻዩን እያማሰለ ነገረኝ። በዚያው መንገድ ወጣሁ። ከጠጠሩ መካከል መዳፍ የምታክል ስባሪ አየሁና ጎንበስ ብዬ አነሣኋት፤ «ቢ» ናት፤ እግሯም ሙሉ ነው። መዶሻ ያልቻለውን የክቡርነትዎ ብዕር ችሏል።

ባላ ስለ መባሌም ቅሬታ የለኝም። ባላ ጣራ የሚደግፍ እንጨት ነው፤ እኔ ደግሞ ጣራው ከወደቀ በኋላ ብቻውን ተገትሮ የቀረ ነኝና ስሙ ይስማማኛል። የምለምነው ሁለት እግር ብቻ ነው። ከጎኗ ያለው ባዶ ቦታ የእኔ ነው፤ ሐኪሜም ቀጠሮ መስጠቱን ትቷል። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ይታረምልኝ፤ ያቺ ሴት ያልታረመ ገጽ ይዤ ስመጣ በደኅና ተቀብላኝ አታውቅምና።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት በቀጭን ፊደል የማይጻፍ መሆኑን እያረጋገጥሁ እሰናበታለሁ።

በተፈጨው ድንጋይ፦ ባሏ
በእርስዎ ሰሌዳ፦ ባላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቢሮዎ በር ላይ «ኃላፊ» የሚለው ቃል ዛሬም በዚያው በባለ ጫማ ፊደል እንደ ተጻፈ አይቻለሁ፤ ትእዛዝዎ እስከ በርዎ አልደረሰም። ቃሉ አለቃም ማለት ነው፤ አልፎ የሚሄድም ማለት ነው። ባለቤቴ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ስታገኝ የትኛው እንደ ሆነ ከገጹ ዳር ጽፋ ትጠይቅ ነበር። እኔ አልጠይቅም። ከእኛ ረድፍ ቀጥሎ ያለው ቦታ ገና አልተያዘም፤ ሰሌዳውንም ያው ሠራተኞችዎ ይቀርጹታል።