የመዶሻው እጅ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ በፊት ጤንነትሽን፣ የልጆችሽን ሁኔታ፣ የዚያን መከረኛ ጉልበትሽንም ነገር እጠይቃለሁ። ደረጃ መውጣቱን ተውሽው ወይስ አሁንም እልህ ይዞሽ ትወጪያለሽ? ትልቁ ልጅሽ ጢም አበቀለ ሲሉ ሰምቼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ለእኔ ገና አፍንጫውን የምጠርግለት ሕፃን ነው። ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ። እዚህ ላይ እኔም ደህና ነኝ ማለት ደንብ ነው። ግን እትዬ፣ ደህና ነኝ የሚለውን ቃል ዘንድሮ ከልክ በላይ ስላዘወተርኩት አፌ ውስጥ መረረኝ። ዛሬ ይቅርብኝ።

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትታዘቢኝ። ጣቶቼ ትንሽ ጽፈው ግትር ይላሉ፤ አረፍ እያልኩ ነው የምጽፈው። ባለፈው የደረሰሽን ደብዳቤ እኔ እየነገርኩት የጻፈው ባለቤቴ ነው፤ ያማረ እጅ ጽሕፈቱን አይተሽ ሳታውቂው አትቀሪም። ባለቤቴ እያሸ አዳነኝ የሚለውን ያልኩት ግን እኔው ነኝ፣ እሱ አንድም ቃል አልጨመረም። አንቺም በመልስሽ እንዲህ ያለ ባል ለስንቷ ይደርሳል ብለሽ መረቅሽው። ደብዳቤሽን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ደግሞ መለስ ብሎ ደገማት። አሁን እሱ በወዲያኛው ክፍል ሰው እያሸ ነው። በሩ ዝግ ነው፤ እኔም በገዛ እጄ እጽፍልሻለሁ።

ሕመሙን ታውቂዋለሽ፣ ግን ሙሉውን አልነገርኩሽም። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ጆንያ ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል። የቀሚሴ ማንገቻ ትከሻዬን ይቆርጠኛል። ሰው በፍቅር ጀርባዬን መታ ሲያደርገኝ እንባዬ ዱብ ይላል። ደሜ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ ሁሉም ንጹሕ ነው ተባለ፤ አማቴም እንግዲያው ምኗንም አላመማትም ብለው ፈረዱ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ፋይብሮማያልጂያ ነው አለኝ። ስሙን አጥርቼ ለመጥራት ራሱ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ! በሽታው ተነቅሎ አይጠፋም፣ ግን ይገራል አለኝና ወደ ሙቅ ውሃ ገንዳ ላከኝ።

እትዬ፣ ስለዚያ ገንዳ ልንገርሽ። ከሕክምና ማዕከሉ ምድር ቤት ነው ያለው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው የሚያልበው፣ ክሎሪን ክሎሪን የሚሸት ቤት ነው። ዳር ዳሩን የብረት መደገፊያ አለው። አብረውኝ የሚገቡት አንድ ጡረተኛ ሹፌርና ሁለት ወፋፍራም እህትማማቾች ነበሩ፤ ሴቶቹ ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ሆነው ሰው ሲያሙ ይውላሉ። ባለሙያዋ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ ከዳር ትቆምና ቀስ በሉ፣ እዚህ ማንም ሩጫ ላይ አይደለም ትለናለች። ውሃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንራመዳለን፣ ክንዳችንን እንዘረጋለን፣ ሌላ ነገር የለውም። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ገላዬ ዝም አለ። ሌላ ምን ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም። ስንት ዘመን ሲጮህብኝ የኖረ ገላ ዝም አለ። ስንወጣ ባለሙያዋ ጥቂት ታሸኛለች፤ ማሸትም አይባልም፣ እጇን ታሳርፋለች እንጂ አትጫንም። በሽታሽ ጉልበት አይወድም ትለኝ ነበር። ልብስ መቀየሪያው ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ እግሬን ካልሲ ሳላለብስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው የባለቤቴ የኳስ ቡድን የፈረሰው። ዕድሜውን ሙሉ የቡድኑ ወጌሻ ነበር፤ ተጫዋቾቹ መዶሻ ነበር የሚሉት። መዶሻ ያሸው ሰው ያን ዕለት ይሳደባል፣ በማግሥቱ ይሮጣል ይባልለታል። ቡድኑ ሲበተን ፋሻዎቹንና ቅባቶቹን በካርቶን ይዞ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መዳፉን ጭኑ ላይ ሲያሽ ይውል ነበር። ምግብ ሳቀርብለት ምን ሠራሁና ልብላ ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ከገንዳው ስመለስ ድካሜን አየና፣ ቤት ውስጥ ወጌሻ እያለ ለባዕድ እጅ መንከራተት ምን ይባላል አለኝ። እጁን አሟሸ፣ ቅባቱን አወጣ። እትዬ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እግሩን የያዘውን የግራ ተከላካይ እንደሚያሽ አድርጎ አሸኝ። ትራሱን ነክሼ ቻልኩት። ሲጨርስ ዞር ብዬ ፊቱን አየሁት፤ ላብ አጥምቆታል፣ ዓይኑ ግን በርቷል። ቡድኑ ከፈረሰ ወዲህ ያላየሁት ፊት ነው። ተሻለሽ ወይ አለኝ። ተሻለኝ አልኩት። አንቺስ ብትሆኚ ምን ትይው ነበር?

ከዚያማ ከተሻለሽ ገንዳው ምን ያደርግልሻል ተባለ። ጎረቤታችን ባለ ግሮሰሪው ወገቡን ይዞት ነበርና ባለቤቴ ሚስቴን ያዳነ እጅ አለልህ ብሎ ጠራው፤ ሰውየው እውነትም ዳነ፣ ወገብ ላይ ባለቤቴን የሚያህል የለም። ባለ ግሮሰሪው ለደንበኞቹ አወራ። የእንግዳ መቀበያችን ሶፋ ወጥቶ አልጋ ገባ፣ መጋረጃ ተሰቀለ። አሁን በሩ ላይ ወረፋ አለ። የቤት ኪራዩም፣ የአማቴ መድኃኒትም ከዚያ ነው የሚወጣው። እሱም ሲሠራ ያንጎራጉራል።

ታዲያ የሚጠራጠር ሰው የመጣ እንደሆነ፣ ነይማ አንዴ ብሎ ይጠራኛል። እወጣለሁ። አልጋ ይዛ የነበረች ሴት ናት፣ እዩዋት ይላቸዋል። እኔም ክንዴን ሽቅብ ዘርግቼ አሳያቸዋለሁ፣ ጎንበስ ቀና እላለሁ፣ ድኛለሁ እላለሁ። እንደ ሱቅ ናሙና ታይቼ ስመለስ የክንዴ ሕመም እስኪለቀኝ ድረስ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። ማታ ማታ ደግሞ እንዳያገረሽብሽ ብሎ ከእራት በፊት ያሸኛል። አንድም ቀን አስታጉሎ አያውቅም።

የገባሁበትን አየሽልኝ? አልዳንኩም ብል እሱን ቀጣፊ ማድረጌ ነው፣ እንጀራውንም መድፋቴ ነው፣ ተመልሶም መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ድኛለሁ ብል ደግሞ የዳነ ሰው ገንዳ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ዱላ ያነሳብኝ የለም፣ ክፉ ቃልም አልሰማሁም። ለማን ነው አቤት የምለው? ሰፈሩ ሁሉ ታድለሽ ይለኛል፤ አንቺም ጭምር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ጉልበቴ ብሶብኛልና እህቴን ለጥቂት ጊዜ ላክልኝ ብለሽ ለእሱ ጻፊለት። እናንተ ከተማ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የሙቅ ውሃ ገንዳ እንዳለ አጠያይቄ ደርሼበታለሁ። እሱ ሳያፍር፣ እኔም ሳላሳፍረው፣ አንቺን ላስታምም ብዬ…

ጠርቶኝ ወጥቼ ነው ያቋረጥኩት። አሁን ተመልሻለሁ። 

የመጣችው ወጣት አስተማሪ ናት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አላንጠለጠለችውም፤ በሁለት ጣቷ ከእጀታው ይዛዋለች። ገና ሳያት ሕመሟን አወቅሁት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ክንዴ አልነሳ አለኝ አለች፤ ሐኪም ያላትንም የበሽታ ስም እየተንተባተበች ነገረችን። የእኔው ነው። ባለቤቴ ይኸው፣ የአንቺው በሽታ የነበረባት ሚስቴ አለችልሽ፣ ራሷን ጠይቂያት አላት። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ድኛለሁ አልኳት። እጄን ይዛ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት። ከዚያ ብቻዬን ከወንድ ጋር አፍራለሁና አብረሽኝ ሁኚ ብላ ለመነችኝ።

እኔ ሁልጊዜ በሆዴ ተኝቼ ስለምታሸ፣ ባለቤቴ ሲሠራ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈና ገና መጫን ሲጀምር ልጅቷ ትንፍሽ አላለችም። ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች፤ ትንሿን ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። እሱ ግን ወዲያው እጁን አነሳ። አመመሽ አይደል፣ ለምን ትደብቂኛለሽ አላት። እሷም ኧረ ምንም አይለኝም አለችው። ሳቀና፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ከቡድኑ እንዳይቀነሱ ደህና ነን እያሉ ሊሸውዱኝ ይሞክሩ ነበር፣ እጄን የሸወደ ግን አንድም አልተገኘም፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ሲያመው እጄ ቀድሞ ይሰማዋል አላት። ከዚያ እጁን መልሶ አሳረፈ። ማሳረፍ ብቻ። እንደ ገንዳዋ ባለሙያ፣ ከእሷም የለሰለሰ። ጥቂት ቆይቶ ልጅቷ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ቀና ሲል እያየሁት ነበር። ዓይኑን ወደ ቅባቱ ጠርሙስ መለሰና ውሃ አምጪልኝ አለኝ። አመጣሁለት።

እኔንም ማታ ማታ የሚያሸኝ ያው እጅ ነው፤ ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከእኔ ይልቅ አንቺ ብልህ ነሽ።

ልጅቷን እስከ ውጭው በር ሸኘኋትና ገንዳው የት እንደሆነ፣ ባለሙያዋንም ማን ብላ እንደምትጠይቅ ነገርኳት። አንቺ ግን እዚሁ አይደል የዳንሽው አለችኝ። ብቻ ሂጂ አልኳት። ግራ ገብቷት እየዞረች እያየችኝ ሄደች።

አሁን ነግቷል፤ ትናንት ጣቴ እምቢ ስላለኝ ነው ያሳደርኩት። እትዬ፣ የለመንኩሽን ተዪው። ለእኔ ብለሽ አትታመሚ፣ ለእሱም ምንም አትጻፊለት። ማንንም ሳላስታምም በራሴ እመጣለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በርሽ ላይ ነኝ። የተለመደውን ትንሿን ክፍል ብታሰናጂልኝ ይበቃኛል።

መምጣቴን አልነገርኩትም። ትናንት ማታ እንደ ልማዱ ሲያሸኝ ግን እጁ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ቆመ።  የሚጠይቀኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልጠየቀኝም። ከዚያ እንደ ወትሮው ጠንከር አድርጎ ቀጠለ፤ እኔም እንደ ወትሮው ቻልኩት።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ቤትሽን ከሰላም አያጉድለው። እኔንም በሰላም አድርሶ ያገናኘን። በር ላይ ስታገኚኝ ናፍቆት ይዞሽ ጥብቅ አድርገሽ እንዳታቅፊኝ አደራ። ያመኛል።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ