አብሮ ስለ መጣው ሌንስ የተሻሻለ ፍርድ

እኔ ካሜራ ጠጋኝና ሌንስ ገማች፣ በሰፈሩ «ዳኛው» እየተባልሁ የምጠራው፣ ዛሬ ሰኞ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሱቄ በላይ ባለችው ማረፊያ ክፍሌ ተቀምጬ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን የመጨረሻ ቃሌን አስጽፋለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። አእምሮዬ ግን እንደ ወትሮው ነው፤ የተጠራጠረ ካለ የፈለገውን ሌንስ ያምጣና ጉድለቱን ልንገረው። ጸሐፊዬ ጡረተኛው መምህር የምለውን ሁሉ ሳያሳጥርና ሳያርም ሊጽፍ ተስማምቷል። አለማረሙ እንደሚከብደው አውቃለሁ።

በመጀመሪያ፣ ለወንድ ልጄ ከእናቱ ጋር የሠራነውን ባለ ሦስት ክፍል ቤትና በመስታወት ሣጥን ያሉትን ሁለቱን ትልልቅ ሌንሶች ሰጥቻለሁ። ትልልቆቹን የሰጠሁት ስለሚወዳቸው ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሌንስ አንሥቶ በክብደቱ ነው የሚፈርደው። ልጄ ሆይ፣ ሌንስ ሽንኩርት አይደለም፤ በኪሎ አይገመትም። ሱቁን ለምን እንዳልሰጠሁህ ታውቃለህ፤ «የስልክ ሽፋን ብንሸጥበት ይሻላል» ያልኸው አንተው ነህ። አልተቀየምሁህም። ሽፋኑን ሽጥ፤ ግን በሌላ ሰው ሱቅ።

ለእህቴ አጉሊ መነጽሬን ሰጥቻለሁ፤ ስለ ሰው ከመናገሯ በፊት አቅርባ እንድታይበት። ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለች።

ሱቁን፣ የጥገናውን ጠረጴዛ ከነመፍቻዎቹ፣ እንዲሁም አንዲት ትንሽ ሌንስ የምሰጠው አሁን ከእግራችን በታች ደንበኛ ለምታስተናግደው ልጅ ነው። ባለቤቴን ነፍሷን ይማርና፣ ሳገባት ይህቺ ልጅ የአራት ዓመት ሕፃን ሆና እጇን ይዛ መጣች፤ ወንድ ልጄ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ዝም ብዬ ብሞት ሕጉ ለእርሷ ምንም አይሰጣትም። እርሷም ምንም እንዳልነበረች አምና ትቀራለች፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው ነው። ለማስረዳት ስለ ሌንሱ መናገር አለብኝና ታገሡኝ።

ዲጂታል ካሜራ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ በካርቶኑ ውስጥ አንድ ሌንስ አብሮት ይመጣል። ቀለበቱን ወዲህ ሲያዞሩት ክፍሉን በሙሉ ያሳያል፤ ወዲያ ሲያዞሩት የአንድ ሰው ፊት ያቀርባል። እኛ ባለሙያዎቹ «አብሮ የመጣ» እንለዋለን፤ ስንጠራውም ከንፈራችን ይጣመማል። ሌንስ ሲገመት በቅድሚያ ክዳኖቹን አንሥቶ በብርሃን ማየት ነው፤ አቧራ ብዙ አያስፈራም፣ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ሻጋታ ግን ያስፈራል። ከዚያ ቀለበቱን በዝግታ ማዞር ነው፤ አሸዋ ከገባበት ሻጩ ባይናገር ጣት ይናገራል። በመጨረሻም ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ፎቶ ማንሣትና የፎቶውን አራት ማዕዘን ማንበብ ነው፤ መሐሉማ በማንኛውም ሌንስ ይነበባል። አብሮ ለመጣው ግን ይህን ሁሉ አልደክምለትም ነበር፤ ሳላየው እጥለው ነበር።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ካሜራውን ከነሌንሱ ሊሸጥልኝ መጣ። ካሜራውን ገመትሁለት።

«ሌንሱስ?» አለኝ።

«እሱን ተወው፣ አብሮ የመጣ ነው። እኔ አብሮ ለመጣ ነገር ዋጋ አልሰጥም» አልሁትና ተሳሳቅን። ሌንሱን በነጻ ትቶልኝ ሄደ።

ልጅቱ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ የካሜራ ማንገቻ ትሰፋ ነበር። እህቴ ደግሞ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «ያቺ አብራ የመጣችው» እያለች ነበር የምትጠራት፤ እኔም ሰምቼ ዝም እል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «አባዬ» ማለቷን ትታ «ጋሼ» አለችኝ። እኔ ሞኙ፣ አድጋ አከበረችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው።

እውነቱን ያወቅሁት ባለፈው ወር ነው። ወንድ ልጄ ሐኪም ቤት አጠገቤ ተቀምጦ፣ «አባዬ፣ ያን ቀን እኮ መጋረጃው ጋ ነበረች። ስታለቅስ አግኝቻት 'እኔን ነው ያለው' አለችኝ» አለ።

«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

«አደራ ብላኝ ነዋ። ደግሞ አንተ የምታውቅ ነበር የመሰለኝ።»

ልነግራት ሦስት ጊዜ ጠራኋት። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሻጋታ አውርተን ተለያየን።

ያን የተጣለ ሌንስ ያነሣችው እርሷ ናት። እናቷ ከመሞቷ በፊት በነበረው ዓመት፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስትስቅ በእርሱ አነሣቻት፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ያ ነው። በምን ሌንስ ተነሣ ሲሉኝ «በትልቁ» እያልሁ ስዋሽ ኖሬአለሁ። አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ደንበኛዬ ውሸቴን አምኖ እንደ እርሱ ያለ ትልቅ ሌንስ ገዝቷል። ከክብደቱ የተነሣ ወገቡን እያመመው ነው አሉ፤ ይቅርታ ጠይቁልኝ።

ስለዚህ ፍርዴን አሻሽያለሁ። ሌንሱ አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ የቀለበቱ ጎማ ነጥቷል፤ በውስጡ አንዲት አቧራ አለች፤ ማዕዘኑ ላይ ይደበዝዛል። ገበያ ቢወጣ ዞሮ የሚያየው የለም። እኔ ግን በእጄ ካለፉት ሁሉ አስበልጬዋለሁ፤ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል እየሰማሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ልጄ፣ ያን ቀን የናቅሁት ሌንሱን ነበር፤ በእርሱም ተሳስቻለሁ። አንቺን ግን አንድም ቀን ንቄሽ አላውቅም። እወድሻለሁ። ይህን ፊት ለፊትሽ ማለት አቅቶኝ ነው ጎረቤት ሰብስቤ የማስጽፈው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ፣ «የወራሿ ዝምድና በግልጽ መጻፍ አለበት። በሕጉ የእንጀራ ልጅ ነው የምትባለው፤ እንደዚያ ላድርገው?» አለኝ።

«ልጄ ብለህ ጻፍ።»

«ልጅህ ለመሆኗ ወረቀት ቢጠይቋትስ?»

«ይኸው እየጻፍከው አይደል?»

ከዚህ በፊት የሰጠሁት ሌላ ኑዛዜ የለም፤ ቢገኝም የተሻረ ነው።

የተናዛዡ ፊርማ።

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ምስክሮች፣ ማለትም ሰዓት ጠጋኟ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያና የሕንፃው ጥበቃ፣ ተናዛዡ በሙሉ አእምሮው ሲናገር ሰምተናል፤ ጽሑፉም በፊታችን ተነቧል። «ልጄ ብለህ ጻፍ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደረስ ተናዛዡ ይደገምልኝ ስላለ ሁለት ጊዜ ተነቧል። በሁለተኛው ጊዜ ሰዓት ጠጋኟ ተነሥታ የደረጃውን በር ከፈተችው፤ መምህሩም፣ ማንም ሳያዝዘው፣ እታች ሱቅ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ አነበበው።