በረቱ አንተ ካቆምክበት ነው

ሰይዴ፣

ዳልቻዋ ላም ትናንት ጠዋት ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ጥጃዋን ያስተኛኋት አንተ እንደምታደርገው፣ የማሽላ አገዳ ከታች፣ ደረቅ ሣር ከላይ ጎዝጉዤ ነው።

አንተ እዚህ ኮኪት ከመምጣትህ በፊት እኛ ለማገዶ ከምናደርቀው ኩበት በቀር ሌላውን ሁሉ እበት ብለን እየዛቅን እንጥል ነበር። አንተ ከወሎ ስትመጣ ለእያንዳንዱ ስም ይዘህ መጣህ። ትኩሱ እበት፣ ከሽንትና ከጉዝጓዝ ጋር የተረገጠው አዛባ፣ በስብሶ አፈር የመሰለው ፍግ፣ የአህያዋ ፋንድያ፣ የፍየሎቹ በጠጥ። ስሙን ካወቅሽ ቦታውን አትስቺም ትለኝ ነበር።

ዝናብ ሊጥል ሲል በረቱን ነቅለህ ወደ ሌላ ማሳ ታዛውራለህ፤ በለቀቀው ቦታ ማሽላ ትዘራለህ። ጎረቤታችን አያ ታደሰ በሳቅ ይሞቱ ነበር። «ይህ ዋልካ መሬት እኮ ቅቤ ነው፤ በቅቤ ላይ እበት ይደፋል?» ሲሉህ፣ «ቅቤም ያልቃል፣ አያ» አልካቸው።

ዘንድሮ ሰሊጣቸው ከጉልበት አላለፈም። ባለፈው ሳምንት ጋሪ ይዘው መጡና ፍግ ስጭኝ አሉኝ። አዎ፣ ፍግ ነው ያሉት። እኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ አንተ ብትሆን አትውጠውም ነበር። አህያዋ እስክታቃስት ጫንላቸው። ሲሄዱ ነፍስህን መርቀው ሄዱ።

በረቱ ግን አንተ ካቆምክበት አልተነቃነቀም። ልጃችን ከማል ላሞቹ ይሸጡ ይላል። ማሳውን ትራክተር ያርሰዋል፤ በአረም ወቅት እረኛ አይገኝም፤ ሰው ሁሉ ወደ ሰሊጡ ይሄዳል። አልተሳሳተም። እኔም ደክሞኛል። ዛሬ ጠዋት ግን ማንም ሳያዘው የጥጃዋን ጉዝጓዝ ሲቀይር አየሁት። የረጠበውን ከደጅ አልጣለውም፤ ወስዶ አንተ የጀመርከው ክምር ላይ ደፋው።

አመሰግንሃለሁ፣ ሰይዴ። ዛሬም የሚያበላን መሬት ትተህልኛል። ስሞቹንም አልረሳም፤ ለልጅ ልጆችህ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ።

ከማል የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል እወስናለሁ ብሏል። ወይ ላሞቹ ሸሕዲ ገበያ ይወጣሉ፣ ወይ በረቱ ወደ ታችኛው ማሳ ይዛወራል። በሱዳን በኩል ደመናው መታየት ጀምሯል።