አራት ወር ይበቃታል

ጥቅምት 6
ዛሬም መስኮቱን ከፋፍቼ ብርድ ስጠጣ ዋልኩ። የቲቢ ክፍል ነርስ ዕጣዋ ይሄው ነው።
አዲሱን ሐኪም "ሽሮፕ" ብዬዋለሁ። ንግግሩ ይጣፍጣል፣ ማዳኑን እንጃ... ቲቢ ለተገኘባት ለአንድ ባለታክሲ ትንሽ ልጅ "ቀለል ያለ ነው፣ ስድስት ወር አያስፈልጋትም፣ አራት ይበቃታል" አለ። አራት! ዕድሜዬን ሙሉ ስድስት ወር ሳስውጥ የኖርኩት ጅል ሆኜ ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

ጥቅምት 20
ልጅቷን ሚጢጢ እላታለሁ። መድኃኒቷን ጠዋት ጠዋት ፊቴ ትጠጣለች። ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ይጣፍጣል። ድሮ ክኒን በማንኪያ ጀርባ ደቁሰን፣ አፍንጫ ይዘን ነበር የምናስውጠው። ይቺ ኩባያውን ልሳ "ሲስተር፣ ጨምሪልኝ" ትላለች። ይሄም ሕክምና ተብሎ...

ታኅሣሥ 11
ኪሎ ጨመረች። ሽሮፕ ሚዛኑን እያየ ይፈግጋል። የበላ ልጅ መወፈሩ ምን ይገርማል?

የካቲት 7
ጨረሰች። አባትየው ሽሮፕን ሊስመው ምንም አልቀረው። ኮሪደር ላይ ያዝ አደረግኩትና "ስታስል ቶሎ አምጣት። መመለሷ አይቀርም" አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ይወቀው እንጂ! እኔ እንደ ሌላው አላባብልም።

መጋቢት 29
ታስላለች! አባትየው ታክሲውን መንገድ ላይ ጥሎ፣ ተሸክሟት ገባ። "እንዳሉት ሆነ፣ ሲስተር" አለኝ። ቁጭ በል እንኳ አላልኩት። ወደ ሽሮፕ ክፍል በረርኩ።
ቀና ብሎ አየኝና "ምን ተገኘ ሲስተር? ፊትዎ በርቷል" አለኝ።
"ሚጢጢ ታስላለች" አልኩት።
ማዳመጫውን አንስቶ ወደ ልጅቷ ሮጠ። እኔ ፊቴን ዳሰስኩ...

መጋቢት 30
ጉንፋን ነው። ራጁ ንጹሕ፣ ምርመራውም ንጹሕ። አባትየው ከየካቲት ጀምሮ ትንፋሿን ሲያዳምጥ ነው የሚያድረው አሉ። በእኔ ምላስ። ሽሮፕ ውጤቱን አሳይቶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቢሰድበኝ በተሻለኝ።
ስንቱን ሰው እየናቅኩ ኖሬያለሁ። በሕፃን ሳል ፊቷ የበራ ሴት ግን አላጋጠመችኝም ነበር።

ሚያዝያ 4
አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ሽሮፕ ያላትን አላመነችውም መሰለኝ፣ እኔን ጠየቀችኝ። "እውነት አራት ወር ይበቃዋል?"
"ይበቃዋል" አልኳት።
ሌላ ልጨምር አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት። ኩባያ አጥቤ መድኃኒቱን ማሟሚያ ውሃ ቀዳሁለት።