የሰሊጥ ዘይትሽ ደረሰው

ለምወድሽ እናቴ፣

ሰላምታዬ የወገብሽ ሕመም ለቆሽ ያግኝሽ። እኔ ከናፍቆትሽና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ሴኡል መቀዝቀዝ ጀምሯል።

«ለብቻዬ ጠረጴዛ ሰጡኝ» ብልሽ፣ እድገት መስሎሽ ለመንደሩ ሁሉ ማውራትሽን አጎቴ ነገረኝ። እማ፣ ጠረጴዛው ከሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ነው። እዚያ የወረወረኝ አለቃዬ አቶ ፒዮ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የመጠጥ ግብዣ ላይ እጁን ከጭኔ አላነሳ ቢል ከሰስኩት። ከዚያ ወዲህ ሥራ አይሰጠኝም፤ ለምሳ የሚጠራኝም የለም። ያለ እኔ ምሳ የማትበላ የነበረችው ባልደረባዬ ሚንሶ እንኳ ስንገናኝ ጫማዋን ታያለች።

አንቺ ደግሞ ለመኸር በዓል «ልጄን በደንብ ስለያዙልኝ» ብለሽ፣ ከራስሽ ማሳ ያስጨመቅሽውን የሰሊጥ ዘይት ላክሽለት! ጠርሙሱን በሰው ሁሉ ፊት ከፍ አድርጎ፣ «እናትየዋስ ጨዋ ናቸው፤ ይቺ በማን ወጣች?» አለ። ሁሉም ሳቁ።

ካርቶኑ ላይ ስልክ ቁጥርሽን አጉልተሽ ጽፈሻል። ቀዶ ኪሱ ሲከተው አየሁ። «ደውዬ ላመስግናቸው እንጂ!» አለኝ ጥርሱን እያሳየ።

ለመሆኑ ጆሮሽ እንዴት ነው? ከማታውቂው ቁጥር ከተደወለልሽ ለጊዜው ደንቆሮ ሁኚልኝ። «ክሷን እንድትተው ምከሪያት» ሊልሽ ነው፤ እኔ ግን አልተውም፣ ክሴ እንዳለ ነው። አባቴ የሞተ ሰሞን እርሻችንን ሊነጥቅ የመጣውን ደላላ በማጭድ ስታባርሪው፣ አንቺም ማንንም አላማከርሽም።

ደህና ሁኚልኝ።

በአንቺ የወጣሁት ልጅሽ፣
ናክዮንግ