ቤታችንን ሆቴል ላደረገልን የመብራት ማኅበር

ጥቅምት ፳፯ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለክቡር የጮራ መብራት ማኅበር ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፤

እርስዎ፣ ክብርት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከአመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ሲያጓራ የሚያመሸው ሞተርዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ በዚህ በኩል፣ አላህም እግዜርም ይመስገን፣ የቀረነው ደህና ነን።

ስሜ ፈንታው ሞላ ይባላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ለሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ለራሴ ስጽፍ ግን ገና መጀመሬ ነውና ቃል ቢያዳልጠኝ ይቅርታዎ አይለየኝ። ቀደም ሲል አሽጌ የላክኋቸውን ሦስት ደብዳቤዎች መክፈት እንደከበደዎ ስለተረዳሁ፣ ድካምዎን ለማቃለል ይህንን ክፍት አድርጌ በገበያው መግቢያ ባለው የጽድ ግንድ ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ የሚችል ሁሉ ለማይችለው እንዲያነብለትም አደራ ብያለሁ።

፩ኛ/ ስለ ታሪፉ። ዱሮ በአምፖል ሁለት ብር ከፍለን እንገላገል ነበር። ከዚያ ቆጣሪ አስገባችሁልንና “ከእንግዲህ የተጠቀማችሁትን ብቻ ትከፍላላችሁ” ብላችሁ አበሠራችሁን፤ እኛም እልል አልን። በመጀመሪያው ወር ስድስት ኪሎዋት ተጠቅሜ የአሥር ክፈል ተባልሁ። ብጠይቅ፣ ከአሥር በታች የተጠቀመ ሰው አሥር እንደተጠቀመ ይቆጠራል ብላችሁ በትዕግሥት አስረዳችሁኝ። ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ላልበራልኝ አራት ኪሎዋት ግን ማንን እንደማመሰግን እስካሁን አላወቅሁም።

፪ኛ/ ስለ ፍጆታ። አምና ረኃቡ ሲጠና የከተማው ሰው መብራት ማብራት ተወ። እራት የሌለው ሰው ምን ሊያይ ያበራል? በጊዜ ይተኛል እንጂ። በመጋቢት ወር “የከተማው ፍጆታ ስለቀነሰ ማኅበሩ እንዳይከስር” በሚል የኪሎዋቱን ዋጋ ከሃያ አምስት ሳንቲም ወደ ሠላሳ አምስት ሰቀላችሁት። በነሐሴ ደግሞ የእኔ ቤት ፍጆታ ወደ አሥራ ዘጠኝ ኪሎዋት ሲወጣ “ፍጆታዎ ያለ አግባብ ስለጨመረ” ብላችሁ በቀይ ቀለም አሰመራችሁብኝና ዋጋውን እጥፍ አደረጋችሁት። ሲቀንስ ጨመራችሁ፣ ሲጨምርም ጨመራችሁ። እንግዲህ ዋጋ የሚቀንሰው ሰው ምን ሲያደርግ እንደሆነ በቸርነትዎ ቢነግሩን፣ ያንኑ ለማድረግ ሁላችንም ዝግጁ ነን።

፫ኛ/ ፍጆታዬ ለምን ጨመረ? ይህን ማንም ስላልጠየቀኝ ሳልጠየቅ ልናገር። በሰኔ ወር ነሲባ የምትባል ነፍሰ ጡር ከነአማቷ ከአያ ጀብሪል ጋር ከማሻ በኩል በእግሯ መጥታ ደጃችን ላይ ወደቀች። ባሏን መንገድ ላይ ቀብረውት ነው የመጡት። ሌሎችም ተከትለው መጡ። ባለቤቴ ይርገዱ ሁሉንም አስገባች፤ ጎረቤታችን ሩቂያ ደግሞ እስላሞቹ እንዳይሳቀቁ ብላ ድስትና ሳህን ለብቻ አምጥታ ሰጠች። በነሐሴ ነሲባ ምጥ ያዛት። ምጡ ጠንቶ አዋላጆቹ ሦስት ቀን አልተለዩንም፤ ጓዳውና በረንዳው ላይ ሁለት አምፖል ጨመርን፤ ከዚያም በኋላ አራሷ ደም ስለበዛባት መብራቱ ሞተርዎ እስካለ ድረስ አልጠፋም። ሴት ልጅ ወለደች። እናንተ በቀይ ያሰመራችሁበት ፍጆታ ይኸው ነው።

ከዚያ ቆጣሪ አንባቢያችሁ አቶ ካሳ ፎርም ይዞ መጣ። እኔ ፍርድ ቤት በር ነበርሁ። በቤቱ ስንት ሰው አለ ብሎ ይርገዱን ጠየቃት። እሷ ባደገችበት አገር እንግዳ አይቆጠርም፤ ያውም ከሞት የተረፈን ሰው መቁጠር ነውር ነው። ስለዚህ “ቤቱ ሙሉ ነው” አለችው። እሱም “ሙሉ” ብሎ ጻፈ። እንግዶቹ ምን ይከፍላሉ ሲላት “ምርቃት” አለችው። አቶ ካሳ፣ ሙያውን የሚያከብር ሰው ነውና፣ “ከአልጋ የሚገኝ ገቢ” በሚለው ቦታ “ምርቃት፣ በዓይነት” ብሎ ሞላው። ማኅተማችሁ ያረፈበትን ፎርም በዓይኔ አይቼዋለሁ። በዚህም መሠረት ቤቴ ሆቴል ሆነ።

፬ኛ/ ስለ ማስጠንቀቂያው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የነዋሪውን ቁጥር ወደ ቤተሰብ ልክ ካልቀነስሁ፣ ያለ ፈቃድ ሆቴል ከፍቷል ተብሎ ቤቴ እንዲታሸግ እንደምታስደርጉ ጻፋችሁልኝ። ሽቦውን ቁረጡት፣ በኩራዝ እንኖራለን ብዬ ለመንሁ። ሽቦው ቢቆረጥም ሆቴልነቱ አይቆረጥም ተባልሁ። ወረቀታችሁ ከራስጌው “ኢትዮጵያ ትቅደም” ይላል፤ ከግርጌው እንግዶችህን አስወጣ ይላል። መንግሥት ሲለወጥ ራስጌውን ለመለወጥ ስለፈጠናችሁ አድናቆቴ ወሰን የለውም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የእኔ ሙያ ወረቀት ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ነው፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ሳነብ ኖሬ፣ ለብቻዬ እንኳ በልቤ ማንበብ አልችልበትም። ማስጠንቀቂያችሁንም እንደ ልማዴ ከቀኑ ጀምሬ እስከ ፊርማው ጮክ ብዬ አነበብሁት። ነሲባ ጓዳ ልጇን እያጠባች ነበር። ምነው አፌን በቆረጠው! በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ቤቱን ጠርጋ፣ የደረበችውን ጋቢ አጥፋ አስቀምጣ፣ ሕፃኗን አዝላ ከአያ ጀብሪል ጋር ወጣች። ምንጩ ዘንድ ሩቂያ አግኝታ ለምን ትሄጃለሽ ብትላት፣ “ያስጠጋኝ ቤት በእኔ ጦስ ከሚታሸግ እኔ ብወጣ ይሻላል” አለቻት።

ይህን ሰምቼ ያን ዕለት እስከ ማታ ወደ ረኃብተኞች መጠለያ በሚወስደው በአቀስታ መንገድ ፈለግኋቸው፣ አጣኋቸው። በሦስተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ወሬያቸውን ይዞ መጣ። እናትየዋና ሽማግሌው መጠለያው ደርሰዋል። ሕፃኗ ግን ዳገቱ ላይ የጥቅምት ውርጭ ገደላት። የሁለት ወር ልጅ ነበረች። አያ ጀብሪል መንገድ ዳር በእጁ ምሶ ቀበራት።

ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ። አንጀቴ አሯል። በእርስዎም በራሴም። ረኃብ በልቶ ያልጨረሳትን፣ እኛ ቤት የወፈረችውን፣ በፎርም ጨረሳችኋት፤ አንብቤ ያስጨረስኋትም እኔ ነኝ።

ሌሎቹም እንግዶች ነሲባን አይተው አንድ በአንድ ወጥተዋል። ስለዚህ ትእዛዝዎ በሙሉ ተፈጽሟል። የጥቅምት ፍጆታችን አምስት ኪሎዋት ነው፤ እንደ ደንባችሁ የአሥሩን እከፍላለሁ። ቤቴም ከሆቴልነት ተሠርዞ ወደ መኖሪያነት እንዲመለስልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ለማኅበሩ ትርፍ፣ ለሞተሩ ናፍጣ፣ ለክቡርነትዎ ደግሞ የእኛን ያህል እንግዳ የሚችል ሰፊ ቤት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ፈንታው ሞላ
ራፖር ጸሐፊና የቀድሞ ባለ ሆቴል

ግልባጭ፦ ለገበያተኛው ሁሉ

ማስታወሻ፦ በመዝገባችሁ ላይ “ያለ አግባብ የጨመረ ፍጆታ” ተብሎ በቀይ ከተሰመረበት መስመር አጠገብ የሕፃኗ ስም እንዲጻፍልኝ እለምናለሁ። ኑርጃን ትባል ነበር።